ስለ ጊታርና ስለ ክራር መምቻ አመራረጥ

(በሬዲዮ የተነገረ)



ዛሬ ላነጋግራችሁ ያሰብሁት ነገር በመጠኑ ከኮት ቁልፍ እምብዛም የማይበልጥ ነው። ከኪስ ቢወድቅ ድምፁ አይሰማም፤ ከጠረጴዛ ሥር ቢገባ የጽዳት ሠራተኛ ከጉድፍ ጋር ጠርጎ ያወጣዋል። ይኸውም ጊታር የሚመቱ ወጣቶቻችን «ፒክ» እያሉ የሚጠሩት፣ ክራር የሚገርፉ አባቶቻችን ከቀንድ ወይም ከእንጨት እየቀረጹ የሚሠሩት፣ የበገና ሰዎችም ድኅንፃ የሚሉት የአውታር መምቻ ነው።

ከመካከላችሁ «የመንግሥት ሬዲዮ ስንት ቁም ነገር እያለው ስለዚህ ይነግረናልን?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም ወደ መቱ ከመሄዴ በፊት ቢሆን ኖሮ እንዲሁ ባልሁ ነበር። ነገር ግን በዚህች ትንሽ ነገር ምክንያት አንድ ሽማግሌ በዕድሜያቸው ሙሉ ያካበቱትን ሙያ አበላሽቼ ስለ ቀረጽሁ፣ ያበላሸሁትንም ለማቅናት ጊዜው ስላመለጠኝ፣ ከዚያ ወዲህ ነገሩን ለመናቅ አልደፈርሁም። የምናገረውም እንደ ሊቅ ሆኜ አይደለም። ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም፤ ጊታርም የማውቀው በተማሪነቴ ዘመን ከጓደኞቼ እየተቀበልሁ በተለማመድሁት መጠን ነው። ያየሁትን፣ ከዚያም በኋላ ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን ብቻ አቀርባለሁ።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። በየአገሩ የሚገኙ የቆዩ ዜማዎች ባለቤቶቻቸው ሳያልፉ በድምፅ ተቀርጸው ይቀመጡ ዘንድ ታስቦ፣ እኔ ወደ ኢሉባቦር እንድሄድ ታዘዝሁ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በወልቂጤና በጅማ፣ በአጋሮም አድርጎ የደዴሳን ድልድይ የተሻገረ መንገደኛ በደሌ ይደርሳል፤ ከበደሌም ወደ ምዕራብ ሲጓዝ ያዩንና ሁሩሙን አልፎ መቱ ይገባል። መንገዱ በጠቅላላው ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ያዩ በዱር ቡናዋ የታወቀች ናት፤ ደኗም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። ከመቱ ወደ ደቡብ ጥቂት ወጣ ሲሉ የምትገኘው ጎሬ ደግሞ በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ የኢትዮጵያ መንግሥት ሥራ ለጥቂት ወራት የተካሄደባት፣ ከዚያም አስቀድሞ በጋምቤላና በባሮ ወንዝ በኩል ከሱዳን ጋር ይደረግ በነበረው የቡና ንግድ ስሟ የተጠራ ከተማ ናት።

የሄድሁበት ወር ነሐሴ ነበር። ኢሉባቦርን የሚያውቅ ሰው ነሐሴ በዚያ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። ዝናቡ በመጋቢት ገደማ ይጀምርና እስከ ጥቅምት ሊዘልቅ ይችላል፤ በጎሬ አካባቢ የሚወርደው ዝናብ በዓመት 2000 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። በዚያ ወር ልብስ ታጥቦ አይደርቅም፤ ወረቀት በእጅ ላይ ይለሰልሳል፤ ጨው በዕቃው ውስጥ እንዳለ ይረጥባል። ይህን የምናገረው ለጨዋታ ያህል ሳይሆን ኋላ ከመምቻው ጉዳይ ጋር ስለሚገናኝ ነው።

በመቱ የሚረዱኝ ሰዎች ወደ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ወሰዱኝ። ሽማግሌው በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ተክለው፣ ከቆርቆሮው ክዳን በሚወርደው ውኃና በመንገዱ ጭቃ መካከል ተቀምጠው ይሰፋሉ። ከበስተኋላቸው በግድግዳው ላይ፣ ርጥበት እንዳይነካው በአሮጌ ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ክራር ተሰቅሏል። ሲያሻቸው በአማርኛ፣ ሲያሻቸው በኦሮምኛ ያዜማሉ። ከጎሬና ከበደሌ ሳይቀር ለሠርግና ለለቅሶ ማስረሻ ሰው ይመጣላቸው እንደ ነበር ነገሩኝ።

ማኅተም ያለበትን ደብዳቤዬን አሳየኋቸው። ተነሥተው እጅ ነሡኝ። ከኪሳቸውም የክብሪት ቤት አውጥተው ሲከፍቱት ሁለት መምቻዎች በጥጥ ተጠቅልለው አየሁ። ሁለቱም ከጥቁር የበሬ ቀንድ የተቀረጹ፣ የቡና ቅጠል የሚመስል ቅርጽ ያላቸው ናቸው። አንዱ ሳሳ ያለ፣ ሁለተኛው ወፈር ያለ ነው። ሽማግሌው ሁለቱንም በጣታቸው ጎንበስ ቀና እያደረጉ ፈተኑና ወፍራሙን መረጡ።

እኔ ግን ወፍራሙን ባየሁ ጊዜ ጥፍር የሚያህል የቀንድ ስባሪ ለቀረጻ የማይመጥን ኋላ ቀር ዕቃ መሰለኝ። በኪሴ ከአዲስ አበባ የገዛሁት ቀይ የፕላስቲክ ፒክ ነበረ፤ ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የማይደርስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ለዓይን የሚያምር ነበር። «አባባ» አልኋቸው፤ «ይህ ቀንድ አውታሩን ይፍቀዋል፤ በመቅረጫው ላይም የሚንኳኳ ድምፅ ያገባብናል። በዚህ በዘመናዊው ይምቱልን።»

ሽማግሌው ፒኩን ተቀብለው በብርሃን አገላብጠው አዩት። አንድ ጊዜ አውታሩን ነካ አደረጉበት፤ ቀና ብለውም አዩኝ። ቀጥሎም «ጌታዬ እንዳሉ» ብለው የቀንዱን መምቻ ወደ ክብሪት ቤቱ መልሰው ሰባት ዜማ መቱልን። እኔም ሥራዬን በሚገባ እንደ ፈጸምሁ ቈጥሬ ወደ አዲስ አበባ ተመለስሁ።

የቴክኒክ ሠራተኛችን ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ጥቂት ከሰማ በኋላ «ይህ የሚርገበገበው ነገር ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ሳላፍር «የቆርቆሮ ዝናብ ነው» አልሁት። እርሱም «ዝናብ ከዜማው ጋር ምት ይጠብቃልን?» አለኝ። ማዳመጫውን ተቀብዬ ሰማሁ። በእያንዳንዱ ምት ላይ፣ በወረቀት ካርቶን ውስጥ የተዘጋች ዝንብ የመሰለች ድምፅ ትሰማለች፤ ዝቅተኞቹ አውታሮች ድምፃቸው ከስቷል፤ ሽማግሌውም በማያውቁት ነገር ስለሚመቱ እጃቸው ተሳስሮ፣ ጎሬና በደሌ ድረስ ያስጠራቸው ፍጥነት የለም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይሏል ይህ ነው። ጥፋቱን ለማቅናት ተመልሼ ለመሄድ ወሰንሁ፤ ነገር ግን አስቀድሜ የመምቻን ነገር መማር አለብኝ አልሁ። የተማርሁትን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ፣ የአገራችን ሰዎች ክራርን በሁለት ዓይነት መንገድ እንደሚጫወቱ ማወቅ ይገባል። አንደኛው ድርድር ነው፤ ጣቶች አውታሩን አንድ በአንድ እየነካኩ ያናግሩታል። ሁለተኛው ግርፍ ነው፤ ቀኝ እጅ መምቻውን ይዞ አውታሮቹን በአንድነት ሲገርፍ፣ የግራ እጅ ጣቶች ከወዲያ በኩል ሆነው ሊሰሙ የማይገባቸውን አውታሮች አፍነው የሚፈለገውን ብቻ ይለቃሉ። እንደ ካሣ ተሰማና በ2004 ዓ.ም. እንዳረፉት እንደ አስናቀች ወርቁ ባሉ ስመ ጥር ባለሙያዎች አማካይነት ክራር በከተማ መድረክና በሬዲዮ ሲከበር ኖሯል። በገናም እንዲሁ በጣት ይደረደራል፤ በድኅንፃም ይገረፋል። ስለዚህ መምቻ ከውጭ አገር ከጊታር ጋር የመጣብን እንግዳ ነገር አይደለም፤ ስሙ እንግዳ ቢሆን ግብሩ የቤት ልጅ ነው።

በሌላው ዓለም ሰዎች መምቻን ከልዩ ልዩ ነገር ሲሠሩት ኖረዋል። ዑድ የተባለውን መሣሪያ የሚመቱ ዐረቦች መምቻውን «ሪሻ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም ላባ ማለት ነው፤ ቀድሞ ከንስር ላባ አገዳ ይሠራ ስለ ነበር ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ደግሞ ለረዥም ጊዜ የተወደደው ከባሕር ኤሊ ድንጋይ መሳይ ልባስ የሚቀረጸው ነበር። ነገር ግን ለዚህ ሲባል የሚታደነው የኤሊ ዘር ሊጠፋ ስለ ተቃረበ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በዋሽንግተን የተፈረመው ስለ ብርቅ እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ የሚናገረው የመንግሥታት ስምምነት ንግዱን የሚያግድበትን መንገድ ከፈተ።

ከዚያ በፊትም ቢሆን ምትክ ተፈልጎ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት የተፈለሰፈውና የዝሆን ጥርስን ይተካል የተባለው ሴሉሎይድ፣ ማበጠሪያና የፊልም ጥቅል ይሠራበት የነበረው፣ ለመምቻ የሚስማማ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1922 በኒው ዮርክ ሉዊጂ ዳንድሬያ የተባለ ጣሊያናዊ ስደተኛ መምቻዎችን ከሴሉሎይድ እየቈረጠ መሸጥ ጀመረ። ዛሬ በየሱቁ የምናያት፣ ሦስት ማዕዘን ሆና ጠርዟ የተድቦለቦለችው ቅርጽ የተስፋፋችው ከዚያ ወዲህ ነው። ቀጥሎም ናይሎንና ሌሎች የፕላስቲክ ዓይነቶች መጡ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። የበሬ ቀንድ ሽፋን፣ የባሕር ኤሊ ልባስ፣ የላባ አገዳና የሰው ጥፍር ባሕርያቸው አንድ ነው ለማለት ያህል ይቀራረባሉ፤ ሊቃውንቱ ኬራቲን ከሚሉት ጠንካራ ነገር የተሠሩ ናቸው። እንግዲህ ቀንድ የያዘ ክራር መቺ ተፈጥሮ ከሰጠችው ጥፍር የጠነከረና የረዘመ ሌላ ጥፍር ይዟል ማለት ነው። እኔ ኋላ ቀር ያልሁትን ዕቃ የሌላው ዓለም ባለ ፋብሪካዎች መቶ ዓመት ሙሉ በኬሚስትሪ ሊመስሉት ሲደክሙ ኖረዋል።

አሁን ወደ አመራረጡ እንግባ። ጊታር ለልጁ የሚገዛ አባት፣ ከቢሮ ሲወጣ ለመማር የሚያስብ ሠራተኛም ቢኖር አራት ነገሮችን ይመልከት።

አንደኛው ውፍረት ነው። በጠቅላላው ከ0.6 ሚሊ ሜትር በታች የሆነው ስስ፣ ከ0.6 እስከ 0.8 ያለው መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ያለው ወፍራም ይባላል፤ ባለ ፋብሪካዎች ግን በልኩ ሁልጊዜ አይስማሙም። ስሱ መምቻ አውታሩን ሲነካ ራሱ ይታጠፋል። ስለዚህ ስድስቱን አውታሮች በአንድነት እየጠረጉ ዘፈን ለማጀብ ይመቻል፤ ነገር ግን ሲታጠፍና ሲመለስ የራሱን ድምፅ ይጨምራል፤ ወፍራሞቹን አውታሮችም በሙሉ ኃይል አያናግራቸውም። በመቱ ያገኘኝ ይኸው ነው። ወፍራሙ ግን አይታጠፍም፤ የእጅን ኃይል ሳይቀንስ ለአውታሩ ያደርሳል፤ በትዝታም በባቲም በአምባሰልም በአንቺ ሆዬም ቅኝት አንድ በአንድ ዜማ ለማውጣት የሚፈልግ ሰው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ያለውን ቢይዝ ድምፁ የጠራ ይሆንለታል። ጉዳቱ እጁ ካልለሰለሰ አውታሩን መንጠቁ፣ አንዳንዴም መበጠሱ ነው። ጀማሪ መካከለኛውን ይያዝ፤ እጁ ሲለምድ ወደሚስማማው ወገን ይሄዳል።

ሁለተኛው የጫፉ ቅርጽ ነው። ጫፉ የሾለ መምቻ አውታሩን ቶሎ ስለሚለቅ ድምፁ ጥርት ያለና ስለት ያለው ይሆናል፤ ጫፉ የተድቦለቦለው ድምፁን ያለዝበዋል። በሌላም በኩል ከአውታሩ ድልድይ አጠገብ ቢመቱ ድምፁ ይሳላል፤ ወደ አንገቱ ቢጠጉ ይለዝባል። ስለዚህ ድምፁን ያልወደደ ሰው አዲስ መምቻ ከመግዛቱ በፊት እጁን ጥቂት ጣት ፈቀቅ አድርጎ ይሞክር፤ ወጪ የሌለበት መፍትሔ ነው።

ሦስተኛው የተሠራበት ነገር ነው። ናይሎን ልስልስና ተጣጣፊ ነው፤ ነገር ግን ጠርዙ ሲያረጅ ይሻክራል። ሴሉሎይድ ድምፁ የነቃ ነው፤ ነገር ግን እሳት ቶሎ ስለሚበላው ከክብሪትና ከሲጋራ አጠገብ ማኖር አይገባም። ቀንድ ድምፁ ሞቅ ያለ ነው፤ ነገር ግን እንክብካቤ ይፈልጋል። ናይሎን አውታር የተወጠረበት ክላሲክ የሚባለው ጊታር ደግሞ እንደ ልማዱ በጣትና በጥፍር የሚደረደር ስለ ሆነ መምቻ ባይገዙለት ይሻላል፤ መምቻ ይበልጡን የሚስማማው ለብረት አውታር ነው።

አራተኛው አያያዝ ነው። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ አባቶቻችን። መምቻውን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል አድርጎ፣ ጫፉን ብቻ ወደ ውጭ አሳይቶ መያዝ ነው። አጥብቆ የያዘው እጁ ይደነዝዛል፤ አላልቶ የያዘው ይወድቅበታል። ዕንቁላል የያዘ ሰው እንዳይሰበርበትም እንዳይወድቅበትም እንደሚጠነቀቅ ያለ ነው።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ ግን ሕጉ ለሁሉ አንድ እንዳይመስላችሁ እፈራለሁ። ኩዊን የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ጊታር መቺ ብራያን ሜይ ፕላስቲኩን ትቶ በአሮጌ የስድስት ፔንስ ሳንቲም ይመታል። ዌስ ሞንትጎመሪ የተባለው ዕውቅ የአሜሪካ ጃዝ ተጫዋች ደግሞ በባዶ አውራ ጣቱ ይመታ ነበር። ሁለቱም በዓለም የተደነቁ ናቸው። ትክክለኛ መምቻ ማለት እጅና አውታር የተስማሙበት ነው እንጂ ሱቅ ያስወደደው አይደለም።

ይህን ተምሬ፣ ልዩ ልዩ መምቻዎችንም ይዤ ወደ መቱ የተመለስሁት ከአሥራ አምስት ወር በኋላ በኅዳር ነው። ቡና በየደጁ ተሰጥቷል፤ ሰማዩ ጠርቷል፤ መንገዱ ደርቋል። በረንዳው ላይ ግን የስፌት መኪናውን የሚያሽከረክረው ሌላ ጎልማሳ ነበር። ሽማግሌውን ከቤታቸው አገኘኋቸው። ሕመም ቀኝ ጎናቸውን መትቶት፣ ያ እጅ በጭናቸው ላይ እንደ ተኛ ዕቃ ተቀምጧል። አንደበታቸው ግን ደኅና ነበር። የያዝሁትን የመምቻ ከረጢት ከኪሴ ሳላወጣ ቀረሁ።

ዝም ብዬ መሄድ እችል ነበር፤ ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ነገር ግን ሕሊናዬ እንቢ ስላለኝ ቀረጻው እንደ ተበላሸ፣ ጥፋቱም የእኔ እንደ ነበረ ነገርኋቸው። ሽማግሌውም ፈገግ ብለው «የዚያን ዕለት አውቄዋለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። በመጀመሪያው ጊዜ «ጌታዬ» ያሉኝ ሰው «ልጄ» ሲሉኝ ይቅርታውን ከዚያው ቃል ሰማሁት።

«ታዲያ አባባ፣ ለምን ያን ጊዜ አልነገሩኝም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«መቼ ጠየቅኸኝ? በዚህ ምታ አልኸኝ እንጂ በምን ትመታለህ አላልኸኝም። ማኅተም ይዘህ መጥተህ እንግዳችንም ሆነህ፣ በሰው ፊት እንዴት ላሳፍርህ?»

ቀጥሎም ለምን በዚያ ቀን ወፍራሙን እንደ መረጡ አስረዱኝ። ቀንድ እንደ ሰው ጥፍር ነው፤ በውኃ ሲሰነብት ይለሰልሳል። የክራሩም ቆዳ ክረምት ሲገባ ይላላና ድምፁ ይወርዳል። ስለዚህ በነሐሴ ወፍራሙን ይይዛሉ፤ ርጥበቱ ለስለስ ሲያደርገው ልክ ይሆናል፤ የላላውንም ቆዳ ለማናገር ኃይል አለው። በኅዳርና በጥር ግን ቀንዱም ቆዳውም ስለሚጠና ስሱ ይበቃል። ሁለቱ መምቻዎች አንዱ የክረምት አንዱ የበጋ ነበሩ። እኔ በነሐሴ፣ በዚያ ሁሉ ዝናብ መካከል፣ ከበጋውም የሳሳ ነገር ነበር በእጃቸው ያስጨበጥኋቸው።

ሽማግሌው የልጅ ልጅ አላቸው፤ በመቱ የሚማር ወጣት ነው፤ ጊታር ይሞክራል። እርሱን ጠርተው ከአልጋው ሥር የበሬ ቀንድ አስወጡት። እርሳቸው በቃል እየነገሩ እርሱ በእጁ መምቻ ሲሠራ አየሁ። ቀንዱን በሙቅ ውኃ ዘፍዝፎ ካለሰለሰ በኋላ በቀጭን መጋዝ ይቈርጠዋል፤ እንዳይጣመም በሁለት ጠፍጣፋ ሳንቃ መካከል ከድንጋይ ሥር አስተኝቶ ያደርቀዋል፤ ከዚያም በሞረድ ቅርጹን ያወጣል፤ በጠርሙስ ስባሪ ይፍቀዋል፤ በመጨረሻም በጨርቅ ያሸዋል። «የቀንዱ መስመር ከጫፉ ወደ እጀታው ይሂድ፤ ወደ ጎን ከሄደ ይሰነጠቃል» ሲሉ ሰማኋቸው። ልብስ ሰፊ ስለ ነበሩ «ጨርቅም በአንጻሩ ከተቈረጠ ይተረተራል» ብለው ጨመሩበት።

በዚያ ቀን መቅረጫዬን ከፍቼ አስቀመጥሁ። አንዲት ቃል አላዘዝሁም። የተቀረጸውም የሽማግሌው ድምፅ፣ የሞረዱ ፍቀት፣ ከዚያም ልጁ በክረምቱ መምቻ ሲጀምር አያቱ «ተው፣ አሁን በጋ ነው» ብለው ሲያስለውጡት፣ በስተ መጨረሻም ልጁ እየተሳሳተና እየታረመ ከሰባቱ ዜማዎች ሁለቱን ሲመታ ነው። እንደ አያቱ አይደለም፤ ገና ነው። አምስቱን ዜማ ግን ልጁ አያውቃቸውም፤ ሽማግሌውም በቃላቸው ሊያዜሟቸው እንጂ ሊመቷቸው አልቻሉም። እነዚያ አምስቱ በክራር የሚገኙት በእኔ ቀይ ፕላስቲክ በተበላሸው ቀረጻ ውስጥ ብቻ ነው።

አድማጮቼ ሆይ፤ አብዛኞቻችን የቢሮ ሠራተኞች ነን። መኪና ወይም ደብዳቤ ወይም አዲስ ዕቃ ይዘን ወደ አንድ ገጠር ወይም ወደ አንድ ከተማ ስንወርድ፣ እዚያ ያለው ሰው ሥራውን በምን እንደሚሠራና ለምን በዚያ እንደሚሠራ ሳንጠይቅ ይህን ተው፣ ይህን ያዝ ማለት ይቀናናል። እርሱም ስለ አክብሮት እሺ ይለናል። እሺታውን እንደ ስምምነት ቈጥረን ሪፖርታችንን እንጽፋለን። ለሽማግሌው ያልጠየቅሁት ጥያቄ ሦስት ቃል አይሞላም ነበር፤ «በምን ይመታሉ?» ማለት ብቻ ነበር።

ወደ መሥሪያ ቤቴ ከተመለስሁ በኋላ የመጀመሪያውን ቀረጻ ከመዝገቡ ላይ አውጥቼ በማስታወሻው ቦታ ላይ «በድምፁ ውስጥ የሚሰማው መርገብገብ የተጫዋቹ ጉድለት አይደለም፤ ቀራጩ መምቻውን ስላስለወጠ የመጣ ነው» ብዬ ጻፍሁበት፤ ስሜንም ፈረምሁ። ኋላ የሚሰማው ሰው በሽማግሌው እንዳይፈርድ ይህን ያህል ማድረግ እችል ነበርና አደረግሁት።

ሽማግሌው ስሰናበታቸው የክረምቱን መምቻ ሊሰጡኝ ወደዱ። እኔ ግን ለልጁ ይሁን ብዬ እምቢ አልሁ። ቀዩን ፕላስቲክ ከክብሪት ቤታቸው ውስጥ፣ ከሁለቱ ቀንዶች ጋር በጥጥ ተጠቅልሎ አገኘሁት፤ የእንግዳ ዕቃ ነው ብለው አሥራ አምስት ወር ጠብቀውልኛል። እርሱን ተቀብዬ መጣሁ። ዛሬ በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ይገኛል፤ ወደ ሌላ አገር ለቀረጻ በታዘዝሁ ቁጥር አየው እንጂ ከእኔ ጋር ይዤው አልሄድም።